ሳይንስ ፊክሽን ጀምራችሁ ለተዋችሁ፦ ችግሩና መፍትሄው

መጽሐፍ አውሳለሁ፣ ከዛ ሳያልቅ ይመለስልኛል። ምክንያቱ ሁሌ "ደበረኝ" ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ከማስረዳ አንዴ ጽፌ ልገላገል። የተከታታዩ አንደኛ መጽሐፍ መሆኑን፣ ፒዲኤፉም የተሟላ መሆኑን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ችግር፦ "ዱንን ጀመርኩ፣ ገጽ 40 ላይ ቆምኩ፣ ምን እንደሚያወሩ አልገባኝም"

በብዛት የሚመለስልኝ ይሄ ነው። ፍራንክ ኸርበርት በ1965 (በፈረንጅ) ያሳተመው መጽሐፍ ገና ከመጀመሪያው ምዕራፍ ቤኔ ጌሰሪት፣ ክዊሳትዝ ሃደራክ፣ ጎም ጃባር እያለ ያዘንብባችኋል፣ ቆም ብሎ አያስረዳም። መፍቻው ያለው መጨረሻ ላይ ነው፣ ረጅም የቃላት ዝርዝር። አንድ የሰፈሬ ልጅ ሁለት ሳምንት ታግሎ መለሰልኝ፣ የኋላውን ገልጬ ሳሳየው "እስካሁን የት ደብቀኸው ነው" አለኝ። እኔ ደብቄ! ሌላዋ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ ገዝታ፣ ኮፒ ያደረገው ሰውዬ ታሪኩ አለቀ ብሎ ነው መሰለኝ መፍቻውን ጭራሽ ትቶታል። የሱን እጅ ነበር የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባህሪ ፖል እጁን የከተተባት የስቃይ ሳጥን ውስጥ ማስገባት።

መፍትሄ፦ ሁለት ምልክት ያዙ፣ አንዱ የደረሳችሁበት፣ አንዱ መፍቻው ላይ። ቃሉ ሶስቴ ካልመጣ አትፈልጉት። መፍቻውን ደግሞ እንደ ልቦለድ ከላይ እስከ ታች እንዳታነቡት፣ ያደረገ ሰው አውቃለሁ፣ እሱም መለሰልኝ። በተረፈ ጆሯችሁን እመኑ። ቤሩት ሰርታ ለተመለሰችው የአክስቴ ልጅ ትንሽ ሳነብላት "ይሄማ አረብኛ ነው" ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፣ ማህዲ አለ፣ ሊሳን አል-ጋይብ አለ፣ ሊሳን ማለት እኮ የኛው ልሳን ነው፣ ጋይብ ደግሞ ከዓይን የተሰወረ። ለፈረንጁ ባዕድ የሆነው ቃል ለኛ ጎረቤት ሆኖ ሳለ ቀድመን የምንደነግጠው እኛ!

እዛው ዱን ላይ ሌላም ስሞታ አለ፣ "ከሃዲው ማን እንደሆነ ገና በጠዋቱ ነገረኝ"። አዎ፣ ሆን ብሎ ነው። ሰውየው ከሃዲ መሆኑን እያወቃችሁ ፖልን ሲያስተምርና ሲያጫውት ማየት ነው የሚያስጨንቀው። ምዕራፎቹ አናት ላይ ያሉትን ጥቅሶችም አትዝለሉ። ፊልሙን አየሁ ብላችሁም ከመሀል እንዳትጀምሩ!! የ2021ዱ ፊልም የመጽሐፉን ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚሸፍነው።

ችግር፦ "ፋውንዴሽን ላይ የወደድኩት ገጸ ባህሪ ሁሉ ይጠፋብኛል"

የአሲሞቭ መጽሐፍ በ1951 ነው የወጣው፣ አብዛኛው ግን ከ1942 ጀምሮ በመጽሔት የወጡ አጫጭር ታሪኮች ናቸው፣ በመሀላቸው አስርት ዓመታት ያልፋሉ። እንደ አጭር ልቦለድ ስብስብ አንብቡት፣ በቀን አንድ። ሰው ላይ አትንጠልጠሉ።

ችግር፦ "ዘ ስሪ ቦዲ ፕሮብሌም ብዬ የቻይና ታሪክ መጣብኝ"

መጽሐፉ አልተሳሳተም፣ ደራሲው ሊዩ ሲሺን ቻይናዊ ነው። የእንግሊዝኛው ትርጉም በ1967 የቻይና የባህል አብዮት ነው የሚጀምረው፣ ታገሱት።

ችግር፦ "ራንዴቩ ዊዝ ራማ አለቀ፣ የጠፈር መርከቧን እነማን እንደሰሯት ግን አልተነገረኝም"

አይነገርም። አርተር ክላርክ በ1973 የጻፈው እንደዛ ነው። መልስ ፍለጋ ወደ ተከታዮቹ የሚሮጥ አለ፣ እነሱ ከ1989 ጀምሮ ከጄንትሪ ሊ ጋር የተጻፉ፣ ጠባያቸው ሌላ የሆነ ናቸው። ሁለተኛው እኔ ጋ አለ። አላውስም።