የሱቃችሁ ገቢና የጉግል አናሊቲክስ ገቢ አልገጥም ሲል

ኦንላይን ሱቅ ከፍታችሁ ከአንድ በላይ በሆነ ገንዘብ የምትሸጡ፣ ይህቺን ልብ በሉልኝ። ሱቃችሁ የቆመበት ሾፒፋይ አንድ ድምር፣ የድረ ገጹን ጎብኚና ሽያጭ የሚቆጥረው ጉግል አናሊቲክስ ሌላ ድምር ሲያሳያችሁ ሽያጭ ጠፋ ብላችሁ አትደንግጡ። መጀመሪያ ምንዛሪውን እዩ።

ጉግል አናሊቲክስ በዩሮ የተከፈለን ወደ ዶላር የሚቀይረው በቀደመው ቀን ምንዛሪ ነው። ሱቁ ደግሞ ትዕዛዙ በገባበት ጊዜ የነበረውን ይይዛል። ባንክ የሚገባላችሁ ገንዘብ ላይ የመቀየሪያ ክፍያም ይቆረጣል። ስለዚህ ትንሽ ልዩነት ሁሌም አለ፤ እሱን ማሳደድ ድካም ብቻ ነው።

ልዩነቱ ሲሰፋ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የምንዛሪ ኮዱ ላይ ነው፤ ይህም ሱቁ ከዋጋው ጋር ወደ አናሊቲክስ የሚልከው እንደ USD ወይም EUR ያለ የገንዘብ መለያ ነው። ዋጋው በዩሮ ሆኖ ኮዱ የዶላር ተብሎ ከተላከ፣ 100 ዩሮ 100 ዶላር ሆኖ ይመዘገባል። አንድ የሙከራ ግዢ በዩሮ ፈጽሙና ዋጋውና ኮዱ አብረው መሄዳቸውን አረጋግጡ። እኔ የድረ ገጹ ፕሮግራም በተነካካ ቁጥር ይህን ሳላደርግ አላልፍም።

ሪፖርታችሁን በብር የምታዩ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ በአንድ ቀን ወደ 75 ብር ገደማ ዘለለ። ያን ሰሞን የዶላር ሽያጫችሁ አንዲት ዕቃ ሳይጨምር በብር ሲታይ ያደገ ይመስላል። ወራትን ስታወዳድሩ በትዕዛዝ ብዛት ወይም ደንበኛው በከፈለበት ገንዘብ አወዳድሩ።