በእግዚአብሔር ኃይል ተደግፎ መዋል፦ ለሥራ ሰው የሚሆን ልማድ

በደብረ ብርሃን ብርድ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከብርድ ልብስ መውጣት ራሱ ትግል ነው። ስለዚህ ሰውነታችሁ ከሚችለው ጀምሩ። ፊታችሁን ታጠቡ፣ ወደ ምሥራቅ ዞራችሁ ቁሙ፣ አማትቡ፣ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ፣ ከዚያ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አንብቡ። በአማርኛ ከሆነ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ዳዊት ደጋሚ የሰኞ ድርሻው ሦስት ንጉሥ፣ ማለትም 30 መዝሙር ነው፤ ጀማሪ ግን ይህን አይሞክር፣ አንድ መዝሙር ይበቃዋል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስቱን ንጉሥ ይዘልቅና በሁለተኛው ዳዊቱን ከነማኅደሩ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ከመውጣታችሁ በፊት የቀኑን ሥራ በስሙ እየጠራችሁ ለምኑ። «ዛሬ ስለ ወሰኑ ከጎረቤቴ ጋር ሽማግሌ ፊት እቀርባለሁ፤ ቁጣዬን ያዝልኝ።» «ገበያ ስሰፍር እጄን ከማጭበርበር ጠብቅልኝ።» «እርዳኝ» ብቻ ብሎ የወጣ ሰው ማታ በምን እንደ ተረዳ አያውቀውም፤ ስለማያውቀውም አያመሰግንም። በስሙ የተለመነ ነገር ግን ማታ ይታወቃል፦ ቁጣው ተያዘ ወይስ አልተያዘም?

ቀን ላይ ሦስት፣ ስድስትና ዘጠኝ ሰዓትን ያዙ። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጋር ስለሚገጥም ማስላት አያስፈልግም፦ በሦስት ሰዓት መንፈስ ቅዱስ ወረደ፣ በስድስት ሰዓት ጨለማ ሆነ፣ በዘጠኝ ሰዓት ጌታ ነፍሱን ሰጠ። ሞፈር እንደ ያዛችሁ ወይም ሱቅ እንደ ቆማችሁ በልባችሁ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት ይበቃል። መቁጠሪያ ያለው 41 ጊዜ ይበል፤ ደንበኛ እያስጠበቀ ግን አይቁጠር።

በእግዚአብሔር መደገፍ ሲባል እጅን አጣምሮ መቀመጥ የሚመስለው ሰው አለ። ዘካርያስ ምዕራፍ 4 ላይ «በመንፈሴ እንጂ በኃይልና በብርታት አይደለም» የተባለው ዘሩባቤል ቤተ መቅደሱን እየሠራ ሳለ ነው፤ እዚያው ዝቅ ብሎ የራሱ እጆች መሠረቱን እንደ ጣሉ፣ እንደሚፈጽሙትም ተጽፏል። እንግዲህ ባቄላውን ውርጭ እንዳይመታው ለምኑ፣ የደረሰውን ገብስ ግን ለነገ አታሳድሩ።

ጾም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ ደጋው አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። እስከ ስንት ሰዓት መቆየት እንደሚገባችሁ ራሳችሁ አትወስኑ፤ ጉልበታችሁንና ሥራችሁን ለንስሐ አባታችሁ ነግራችሁ እሳቸው ያሏችሁን ያዙ። በገዛ ፈቃዱ ያበዛ ሰው ወይ አውድማው ላይ ይዝላል፣ ወይ በሚበላው ጎረቤቱ ላይ ይታበያል፤ ሁለተኛው ይብሳል። ስግደትም እንዲሁ በልክ ይሁን፤ በሰንበት፣ በበዓለ ኀምሳና ሥጋ ወደሙ በተቀበላችሁበት ዕለት አይሰገድም።

ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም ለጸበል የምትሄዱ፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጸበል ገባሁ ብላችሁ አታቋርጡ። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ሲራክም በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። መድኃኒት ማቆምን የእምነት መለኪያ የሚያደርግ ሰው ካጋጠማችሁ ከካህን ጠይቁ። ጸበል በባዶ ሆድ ስለሚጠጣ፣ ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት ያለው ሰዓቱን አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል።

ስእለት ስትሳሉ እጃችሁ ላይ ባለው ተሳሉ፤ ጧፍ፣ ዕጣን። በሬ ሳይኖረው በሬ የተሳለ ሰው፣ ልመናው ሲሰማለት ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያፍራል።

ምልክት አትጠብቁ። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን ነው፤ የእናንተ ማክሰኞ ግን ያለ ብርሃንም ይነጋል። ስትጸልዩ ልባችሁ ደረቅ ቢሆን የጀመራችሁትን ጨርሱ፣ አታርዝሙት፣ አታቋርጡትም።

ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ጠዋት በስም የጠራችሁትን አንሡ። የተሰጣችሁን አመስግኑ፤ የተሸነፋችሁበትን ለንስሐ አባታችሁ እንድትነግሩ በልባችሁ ያዙ። አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ በማግስቱ ዕጥፍ አታድርጉ። የሰኞ ውዳሴ ቢያልፋችሁ ማክሰኞ የሚነበበው የማክሰኞው ነው።