በተኑ ይጫናል፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም

በፍላስክ (በፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ) የተሠራች ትንሽ የአውቶቡስ ቲኬት ገጽ አለች እንበል። «ቀሪ ወንበር 12» ትላለች። «ያዝ» የሚለውን በተን ትጫናላችሁ። 12። ደግማችሁ ትጫናላችሁ። አሁንም 12። የስህተት መልእክት እንኳ የለም።

ኮዱን ከመነካካታችሁ በፊት ብራውዘሩ ላይ ኮንትሮልና ዩን ተጫኑና የገጹን ምንጭ እዩ። በድርብ ቅንፍ የጻፋችሁት የጂንጃ (የፍላስክ ገጽ መሙያ ቋንቋ) ቫሪያብል እዚያ የለም። ያለው 12 የሚል ተራ ጽሑፍ ነው። ሰርቨሩ ቴምፕሌቱን፣ ማለትም ክፍት ቦታ ያለውን የገጽ ንድፍ፣ ሞልቶ፣ ገጹን ልኮ ሥራውን ጨርሷል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እናንተ ጋ የደረሰው ወረቀቱ ነው። በተኑ ብራውዘር ውስጥ፣ ቫሪያብሉ ሰርቨር ላይ። ብራውዘር ውስጥ የሚሮጠው ጃቫስክሪፕት እጁ እዚያ አይደርስም።

አንዳንዱ ደግሞ የፓይተኑን ፈንክሽን ኦንክሊክ (በተኑ ሲጫን ምን ይሁን የሚባልበት ቦታ) ውስጥ በድርብ ቅንፍ ይጠራዋል። እኔም አድርጌዋለሁ። ገጹ ገና ሲዘጋጅ ፈንክሽኑ ይሮጥና ማንም ሳይጫን ወንበር ይቀንሳል።

ቀላሉ መፍትሄ ፎርም ነው። በተኑ ፎርሙን በፖስት (ለውጥ የሚያመጣ ጥያቄ በሚላክበት ዘዴ) ይላክ፤ ሰርቨሩ ቁጥሩን ቀንሶ ወደዚያው ገጽ ሪዳይሬክት ያድርግ። ሪዳይሬክቱን ከዘለላችሁት ሪፍሬሽ ያደረገ ሰው ሳያስበው ሁለተኛ ወንበር ሊይዝ ይችላል። 405 (ይህ የአላላክ ዘዴ አይፈቀድም የሚል ስህተት) ከመጣባችሁ ሩቱ (የዚያን አድራሻ ጥያቄ የሚቀበለው የፍላስክ ኮድ) ፖስት እንዲቀበል አልነገራችሁትም ማለት ነው።

ገጹ ሳይታደስ ይቀየር ካላችሁ በፌች (ከጃቫስክሪፕት ወደ ሰርቨር ጥያቄ መላኪያ) ጥያቄ ላኩ፣ ሰርቨሩ አዲሱን ቁጥር በጄሰን (ፕሮግራሞች ዳታ በሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) ይመልስ፣ እሱን ገጹ ላይ ጻፉት። በተኑ ፎርም ውስጥ ከሆነ ታይፑን «በተን» በሉት። አለዚያ ፎርሙን ይልከውና ገጹ እንደገና ይከፈታል።

ሰው የሚያሳብደው ቀጣዩ ነው። ቁጥሩ አሁን ይቀየራል፣ ግን አንዴ 11፣ አንዴ 12፣ መልሶ 11። እናንተ ኮምፒውተር ላይ ደህና ነበር። ቁጥሩን ግሎባል ቫሪያብል ውስጥ አስቀምጣችሁታል። ጉኒኮርን (የፓይተን ድረ ገጽን ለተጠቃሚ የሚያቀርብ ሰርቨር) በ4 ወርከር፣ ማለትም ለየብቻ በሚሮጡ 4 የፕሮግራሙ ቅጂዎች፣ ሲነሳ እያንዳንዱ ወርከር የራሱን ቅጂ ይይዛል፤ የምታዩት ጥያቄው የደረሰውን ወርከር ቁጥር ነው። ሰርቨሩ ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ወደ 12 ይመለሳል።

የአንድ ተጠቃሚ ምርጫ ብቻ ቢሆን ሴሽን (ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ለየብቻ የሚያዝ ማስታወሻ) ይበቃው ነበር። ወንበር ግን የሁሉም ነው፤ ዳታቤዝ ውስጥ ይግባ። ሲቀነስም አንብቦ፣ ቀንሶ፣ መልሶ መጻፍ አይሆንም። «ከ0 በላይ ከሆነ 1 ቀንስ» የሚል አንድ የአፕዴት ትእዛዝ ይሁን። ያለዚያ ሁለት ሰው እኩል ተጭኖ አንዷን የመጨረሻ ወንበር ለሁለት ይገዛታል።