ከጀልባ ወርጄ ቤተ መጻሕፍት ስገባ

ሥራዬ ጣና ላይ እንግዳ በጀልባ ይዞ ገዳማትን ማስጎብኘት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዳጋ እስጢፋኖስ ላይ፣ ዐፅማቸው በገዳሙ ስለሚገኘው ስለ ዐፄ ፋሲለደስ ሳስረዳ «በ1632 ዓ.ም. ነገሡ» አልሁ። ከደሴ የመጡ አንድ መምህር «በ1624 ነው እንጂ ልጄ» ብለው በሰው ፊት አረሙኝ። በማግስቱ ባሕር ዳር ውስጥ ወዳለ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ፤ ከዚያ ወዲህ ክረምት ገብቶ እንግዳ ሲቀንስ ውሎዬ እዚያ ነው። ከሙያ ጓደኞቼ ብዙዎቹ እስከ በሩ ደርሰው ስለሚመለሱ፣ እንዴት እንደምጠቀምበት ልጻፍላቸው።

ሰዓቱን ዕወቁ። የመንግሥት የሥራ ሰዓት ጠዋት ከ2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት በኋላ ከ7፡30 እስከ 11፡30 ነው፤ ዓርብ ግን የጠዋቱ 5፡30 ላይ ያበቃል። ዓርብ 5፡20 ላይ ደርሶ «ገና አሁን መግባቴ ነው» እያለ የሚጨቃጨቅ አይጠፋም፤ አንድ ቀን እኔው ነበርሁ። ማታና ቅዳሜ የሚከፈትም ስላለ በር ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ተማሪዎች በሩ ሳይከፈት ይሰለፋሉ፤ አርፍዳችሁ ወንበር አታገኙም።

በር ላይ ጥበቃው መታወቂያ ይጠይቃል፣ ቦርሳ ይቀበላል፣ ቁጥር የተጻፈባት ቆርቆሮ ይሰጣል። መነጽር፣ ደብተርና እስክሪብቶ ሳታወጡ ቦርሳችሁን አታስረክቡ። የራሳችሁን መጽሐፍ ይዛችሁ ከሆነ ስትገቡ አሳዩት፤ ስትወጡ የማን ነው የሚል ክርክር እንዳይነሣ።

ኮምፒውተሩ ላይ ስትፈልጉ የአገራችንን ጸሐፊ በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አትጀምሩ። ፊደልም ያሳስታል፦ «ፀሐይ» ብላችሁ ያጣችሁትን «ጸሀይ» ብሎ የመዘገበው ሰው ይኖራል። እኔ ሦስት ጊዜ ለዋውጬ ከሞከርሁ በኋላ ተነሥቼ ሰው እጠይቃለሁ። እንዲያውም ከሰው መጀመር ይሻላል።

አጠያየቁ ግን ወሳኝ ነው። «የታሪክ መጽሐፍ አለ?» ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ «አለ» ብቻ ነው። በዚያች በመጀመሪያዋ ቀን ጠረጴዛው ጋ ለተቀመጠችው ሠራተኛ «እታለም፣ ዐፄ ፋሲለደስ የነገሡበትን ዓመት የሚናገር መጽሐፍ ፈልጌ ነበር» አልኋት። «ለምን ፈለጉት?» አለች። እያፈርሁም ቢሆን የሆነውን ሁሉ ነገርኋት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተነሣችና 963 ከሚለው መደርደሪያ ሁለት መጻሕፍት አመጣች፤ አንዱ በአማርኛ የተጻፈ፣ ሌላው ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ። ጎን ለጎን ገለጠቻቸው፤ አንድ ጣቷን 1624 ላይ፣ አንዱን 1632 ላይ አሳረፈች። «ይህኛው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው» አለች። ለካ የፈረንጁን ቁጥር ይዤ «ዓ.ም.» እየቀጠልሁበት ኖሬያለሁ! ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 መሆኑን በደብተሬ ጽፋ ሰጠችኝ። ለምን እንደፈለግሁት ባልነግራት ኖሮ አንዱን መጽሐፍ ብቻ ይዤ እወጣ ነበር።

963 ከመደርደሪያ ላይ የሚፈለገው መጻሕፍትን በይዘታቸው እየለየ ቁጥር የሚሰጠው የዲዊ አመዳደብ በሚሠራበት ቤት ነው፤ 900ዎቹ ታሪክና ጂኦግራፊ፣ 960 የአፍሪካ፣ 963 የኢትዮጵያና የኤርትራ ታሪክ። ያነበባችሁትን ግን ራሳችሁ አትመልሱት፤ ጠረጴዛው ላይ ተዉት። በሌላ ቤተ መጻሕፍት አንድ ሠራተኛ ከስልኩ ቀና ሳይል «ጠፍቷል» ያለኝን መጽሐፍ፣ ከሳምንት በኋላ ከሒሳብ መጻሕፍት መካከል ተሸጉጦ አገኘሁት። አንዱ ደግ ልቡ መልሶት ነው። ሠራተኛውን ግን አልማርሁትም፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሼ አስተያየት መስጫው መዝገብ ላይ ጻፍሁ። ስድብ አትጻፉ፤ ስድብ ያለበትን ገጽ ኃላፊ አያነበውም።

ማጣቀሻ መጽሐፍ በውሰት አይወጣም። ገጹን በስልክ ፎቶ ለማንሣት አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል መስኮት አጠገብ ተቀመጡ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከሰዓት በኋላ ስለሚያንገላታ ያን ጊዜ ፀሐይ የማይመታውን ወገን ምረጡ። ቧንቧው አንዳንዴ ደረቅ ስለሚሆን የሚጠጣ ውኃ በጠርሙስ ያዙ፤ ወደ ንባብ ክፍሉ ማስገባት ካልተፈቀደ ከቦርሳው ጋር ይቀመጣል።

ስትወጡ ቆርቆሮዋን መልሱ። እኔ አንድ ቀን ስልክ ሲደወልልኝ ቦርሳዬንም ረስቼ፣ ቁጥር 17ን በኪሴ ይዤ እስከ ዘጌ ሄጃለሁ። በማግስቱ ስመለስ ጥበቃው ቦርሳዬን ከወንበሩ ሥር አውጥቶ ሰጠኝና «ምሳዎን ግን ድመት በልቶታል ጋሼ» አለኝ።