የገና መዝሙር በስልክ ጥሪ እንዳይቋረጥ

በገና ዕለት ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ መዝሙር በብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ ሲሰማ፣ በየመሃሉ የሚገባው የ«እንኳን አደረሳችሁ» ጥሪ ያቋርጠዋል፤ እዚህ ጅማ የኢንተርኔት መቆራረጥም ይጨመርበታል። ስለዚህ መዝሙሮቹንና የገና ጨዋታ ዘፈኖችን ከታኅሣሥ 29 አስቀድማችሁ በአንድ ትርፍ ስልክ ላይ አውርዱ፤ ከዚያም ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጋችሁ ብሉቱዙን ብቻ መልሳችሁ ክፈቱ። ብሉቱዝ ሁለቱን ዕቃዎች በቀጥታ ስለሚያገናኝ ኔትወርክ አያስፈልገውም፤ ስልኩም ሲግናል ስለማይፈልግ መብራት ቢጠፋ እንኳ ባትሪው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። በስፖቲፋይ ያወረዳችሁ፣ መተግበሪያው ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት ስላለበት፣ በዋዜማው ከፍታችሁ አረጋግጡ። ያላችሁ ስልክ አንድ ብቻ ከሆነ ግን ይህን አልመክርም፤ ከሩቅ የሚደውሉ ወላጆች በበዓል ቀን ስልካችሁን ዝግ ሆኖ ሊያገኙት አይገባም።