ፋራናይትን ወደ ሴልሺየስ ስትቀይሩ ስህተቱ የቱ ጋ ነው?

ሌሊት ነው። የልጁ ግንባር ይፋጃል። ብብቱ ስር የገባው ቴርሞሜትር ድምፅ ሲሰጥ ስክሪኑ ላይ 101.3 ይነበባል። እናት መሣሪያው በፋራናይት መሆኑ ይገባትና ስልኳን አንስታ ታሰላለች። መልሱ 83.5 ይመጣል። ይባስ ግራ ትጋባለች።

እንዲህ ያለ ስህተት ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። ደግነቱ እያንዳንዱ ስህተት የራሱ ምልክት አለው። የወጣውን ቁጥር አይታችሁ የቱ ጋ እንደሳታችሁ መለየት ትችላላችሁ። መጀመሪያ ቀመሮቹን እንያዝ፦

ሴልሺየስ = (ፋራናይት − 32) × 5 ÷ 9
ፋራናይት = ሴልሺየስ × 9 ÷ 5 + 32

እነዚህን ቁጥሮች በቃል ከመሸምደድ ምን እንደሚሠሩ ማወቅ ይሻላል። በባህር ወለል ከፍታ ላይ ውሃ በረዶ የሚሆነው በሴልሺየስ 0፣ በፋራናይት 32 ላይ ነው። የሚፈላው ደግሞ በ100 እና በ212። ስለዚህ ሴልሺየስ በ100 ደረጃ የሚወጣውን ፋራናይት በ180 ደረጃ ይወጣዋል። 180 ለ100 ሲካፈል 9 ለ5 ነው። በአጭሩ 32 የመነሻውን ልዩነት ያስተካክላል፤ 9 እና 5 ደግሞ የደረጃውን ስፋት።

መልሱ ከሚጠበቀው በጣም በዝቶ መጣ

የእናትየዋ 83.5 ይኸው ነው። ጥፋቱ የቅንፍ ነው። ብዙዎቹ የስልክ ካልኩሌተሮች ማባዛትና ማካፈልን ከመቀነስ ያስቀድማሉ። 101.3 − 32 × 5 ÷ 9 ብላችሁ በአንድ ትንፋሽ ከጻፋችሁ፣ ማሽኑ መጀመሪያ 32ን በ5 አባዝቶ ለ9 ያካፍልና 17.8 ገደማ ያገኛል። የሚቀንሰው እሱን ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። 32ን ቀንሱና የእኩል ይሆናል ምልክቱን ተጫኑ፤ 69.3 ይመጣል። ከዚያ በ5 አባዙ፣ 346.5። ለ9 አካፍሉ፣ 38.5። ልጁ ትኩሳት አለው ማለት ነው። ኤክሴል ላይም ቅንፏን አትርሱ።

መልሱ 124.7 ከሆነ ግን ቅንፉ ደህና ነው። 5 እና 9 ቦታ ተቀያይረዋል። እኔ ማንኛውንም ቀመር ከማመኔ በፊት 212ን አስገባለሁ። 100 ካልመጣ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

ፕሮግራም ጻፍኩ፤ ምንም ባስገባ መልሱ 0 ነው

በሲ እና በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋዎች 5/9 ብላችሁ ስትጽፉ ሁለቱም ሙሉ ቁጥር ስለሆኑ ውጤቱም ሙሉ ቁጥር ይሆናል፤ እሱም 0 ነው። 5.0/9 በሉት።

ግምቴ አንዳንዴ ልክ ነው፣ አንዳንዴ ይስታል

ምናልባት «እጥፍ አድርግና 30 ጨምር» የሚለውን አቋራጭ እየተጠቀማችሁ ነው። ለ10 ሴልሺየስ በትክክል 50 ይሰጣል። 37ን ሞክሩት፦ 104። 104 ፋራናይት ግን 40 ሴልሺየስ ነው። ጤነኛውን ሰው በከባድ ትኩሳት አስተኛችሁት! ለአየር ሁኔታ ይሁን፤ ለሰውነት ሙቀት ግን በጭራሽ አትጠቀሙበት።

የተሻለ አለ። እጥፍ አድርጉ፣ ከእጥፉ ላይ አንድ አስረኛውን ቀንሱ፣ 32 ጨምሩ። የ37 እጥፍ 74፤ 7.4 ሲቀነስ 66.6፤ 32 ሲደመር 98.6። ይህ ግምት አይደለም፣ ልኩ ነው። ወደ ሴልሺየስ ስትመለሱ 32 ቀንሱ፣ ግማሽ አድርጉ፣ የግማሹን አንድ ዘጠነኛ ጨምሩ።

«በ10 ዲግሪ ጨመረ» የሚለውን ስቀይር 50 ይለኛል

ይህኛው አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ስሌቱ ላይ ምንም ጥፋት አይታይም። 10 ሴልሺየስ በእርግጥ 50 ፋራናይት ነው። የተባለው ግን ሙቀቱ 10 ሆነ ሳይሆን በ10 ጨመረ ነው። ልዩነት መነሻ የለውም፤ ስለዚህ 32 እዚህ ምንም ሥራ የለውም። በ9 አባዝቶ ለ5 ማካፈል ብቻ ይበቃል፦ 18።

የምድርን ሙቀት መጨመር ለመግታት በ2015 እ.ኤ.አ. በተደረሰው የፓሪስ ስምምነት ላይ ያለውን 1.5 ዲግሪ ውሰዱ። በፋራናይት 2.7 ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለ መቀየሪያ ውስጥ ዝም ብላችሁ ብታስገቡት 34.7 ይላችኋል። መሬት በዚያን ያህል ብትሞቅ ምን እንደምንሆን አስቡት። ስለዚህ ከመቀየራችሁ በፊት «ሆነ» ነው ወይስ «በ… ጨመረ» ብላችሁ ጠይቁ።

ቴርሞሜትሩ በድንገት 97 ማለት ጀመረ

አልተበላሸም። የሰው ሰውነት 97 ሴልሺየስ አይሆንም። ሳይታወቅ ቁልፉ ተነክቶ ወደ ፋራናይት ዞሯል። ከቁጥሩ አጠገብ ያለችውን ትንሿን ፊደል እዩ፤ ኤፍ ናት ወይስ ሲ? በብዙዎቹ ላይ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ መያዝ ይመልሰዋል።

98.9 አነበብኩ፤ ከ98.6 ስላለፈ ልደንግጥ?

98.6 እጅግ የተመጠነ ቁጥር ይመስላል። አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቩንደርሊች በ1868 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የጤነኛ ሰው አማካይ ሙቀት 37 ሴልሺየስ ነው አለ። ያ 37 ወደ ፋራናይት ሲቀየር ነው ከነጥብ በኋላ ያለችው 6 የመጣችው። የስሌቱ ትርፍ ናት እንጂ ሰውነታችን ላይ የተሰመረ መስመር አይደለችም። 98.9 ማለት 37.2 ገደማ ነው። ብዙ ጊዜ ትኩሳት የሚባለው ከ38 ጀምሮ ያለው ነው፤ በፋራናይት 100.4።