ብትረሱትም አንብቡ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብዬ ሳነብ አንድ ጓደኛዬ «አቦ፣ ነገ ለምትረሳው ምን አደከመህ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እረሳለሁ። ከአንድ ሙሉ መጽሐፍ የሽፋኑ ቀለም ብቻ የቀረኝ ጊዜ አለ።

ግን የተረሳ ሁሉ አልጠፋም። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ነገሩን በራሱ ላይ ሞክሮ በ1885 እ.ኤ.አ. አሳተመው። ትርጉም የሌላቸው የፊደል ጥምሮችን ይሸመድዳል። ብዙዎቹን ይረሳል። እንደገና ሲያጠናቸው ግን ከመጀመሪያው ባነሰ ጊዜ ይይዛቸዋል።

እኔም ደርሶብኛል። ስለ ጅቡቲው ባቡር ያነበብኩትን ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር። አንድ ቀን በባጃጅ በለገሃር ስናልፍ የእህቴ ልጅ «ባቡሩ ለምን ሐረር አልሄደም?» አለኝ። ሳላስበው «ሐረር ተራራ ላይ ናታ! ሐዲዱን እዚያ ማውጣት ከባድ ነበር። በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳው ላይ ደረሰ፣ ድሬም በሱ ሰበብ ተቆረቆረች» አልኩት። ዓመተ ምሕረቱ ከየት እንደመጣ እኔንም ገረመኝ።

እና ምን ላድርግ ካላችሁ፣ መጽሐፉን ክደኑና ሳታዩ ሁለት መስመር ጻፉ። ስልክ ላይም ይሆናል። ከሳምንት በኋላ መጀመሪያ ከጭንቅላታችሁ አውጡ፣ ከዚያ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ። በቀለም ማስመሩ ብዙም አይረዳም፤ ግማሹን መጽሐፍ ቢጫ አድርጌ ምንም አልያዝኩም። ሰዓቱ ጠዋት ይሁን። ከምሳ በኋላ በድሬ ሙቀት እንኳን መጽሐፍ ዓይንም አይገለጥ።